የልጆች ልብ ምት እንዴት ይመረመር ነበር? ዛሬስ?

በኖርዝ ሜልቦርን የሚኖር ወላጅ ልጁ «ልቤ ድው ድው አለብኝ» ሲለው ፍሌሚንግተን ሮድን ተሻግሮ ሮያል ችልድረንስ ሆስፒታል ይደርሳል። ይህ ሆስፒታል በ1870 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መሐል ከተማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቤት፣ በስድስት አልጋ ሥራ ጀመረ። ወደ ፍሌሚንግተን ሮድ የመጣው በ1963 ነው። ሲመሠረት ሐኪሙ የልብን ምት የሚያውቀው በጆሮውና በጣቱ ብቻ ነበር።

የልብን ኤሌክትሪክ አጥርቶ ለመቅረጽ የበቃው ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በሽተኛውም ሁለት እጆቹንና ግራ እግሩን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥ ነበረበት። ዛሬ ያው ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ በጥቂት ደቂቃ ያለ ምንም ሕመም ያልቃል።

አውስትራሊያም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ዶክተር ማርክ ሊድዊል በ1928 ሲድኒ ውስጥ ልቡ ቆሞ የተወለደ ሕፃን ገጠመው። መርፌ ወደ ልቡ አስገብቶ በኤሌክትሪክ ሲነካካው ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ ልቡ በራሱ መምታት ጀመረ፤ ሕፃኑም ዳነ። በሥራው ሊከብርበት ይችል የነበረው ይህ ሰው የባለቤትነት መብት እንኳ አላወጣበትም።

ወደ ዛሬው ስንመለስ፣ የአብዛኛው ልጅ የልብ ትርታ መንሥኤ ትኩሳት፣ ድንጋጤ፣ የደም ማነስ፣ ወይም ቡናና «ኢነርጂ» የሚባለው መጠጥ ነው። እንደ መብራት ማብሪያ በድንገት በርቶ በድንገት የሚጠፋ ፈጣን ምት ግን ሌላ ነው። በ1930 ዎልፍ፣ ፓርኪንሰንና ዋይት የተባሉ ሐኪሞች ጤነኛ በሚመስሉ ወጣቶች ላይ ይህን ጽፈውታል፤ በልብ ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ አለ ማለት ነው። ዛሬ መድኃኒት አለው፤ ትርፉን መንገድ በቀጭን ቱቦ ገብቶ መዝጋትም ይቻላል።

በአገር ቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፦ በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን በር ያበላሻል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃን ያቋቋሙት፣ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው በዚህና አብሮ በሚወለድ የልብ ሕመም ለሚሰቃዩ ልጆች ነው።

እጅግ የሚያሳስበው ሲሮጥ ወይም ሲዋኝ ራሱን የሚስት ልጅ ነው። በ1957 ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች ስድስት ልጆች ስላሉት አንድ ቤተሰብ ጻፉ። አራቱ መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ ራሳቸውንም ይስቱ ነበር፤ ሦስቱ በድንገት ሞቱ። ሕመሙ በኢሲጂው ላይ የሚታይ፣ በዘር የሚወርድ ነበር። መስማት የሚችሉ ልጆችንም የሚይዝ ተመሳሳይ ዓይነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ።

ሐኪሙ «ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ጎጃም ወይም ወሎ ነው። «ወንዝ ወሰደው» የተባለው አጎት ዋና እያወቀ የሰጠመ ሊሆን ይችላል። በስደት ላለ ሰው መርዶ እየተደበቀ ስለሚቆይም እናትየው ራሷ የማታውቀው ሞት ይኖራል። ከቀጠሮው በፊት ለአያት ስልክ ደውሎ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ምን ሲሠራ እንደሞተ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ለከበደው፣ ከ1973 ጀምሮ የሚሠራው የስልክ አስተርጓሚ ቁጥሩ 131 450 ነው። ልጁ ራሱን ከሳተ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 000 ይደወላል።