የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ አላስገባ ወይም አላስወጣ ሲል

በቆዩ ቤቶች የተተከለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ ማስገባት ወይም ማስወጣት ሲሳነው ቀድሞ የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እንከኑ የሚገኘው በቤቱ የውሃና የፍሳሽ መስመር ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ማሽን አልታሰበም። በመሆኑም ለጥገና ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቤቱን መፈተሽ ይገባል። ለዚህም አንድ ባልዲ ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ማሽኑን ከሶኬት መንቀልና የውሃ መዝጊያውን መዝጋት ያስፈልጋል።

ውሃ አላስገባ ሲል

የማስገቢያውን ጎማ ከማሽኑ ጀርባ ፈትቶ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ማድረግ፣ ከዚያም መዝጊያውን መክፈት ነው። ውሃው በኃይል ከወረደ ጎማው በሚታሰርበት የማሽኑ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት መመልከት ይገባል። ተቋርጦ የሚመለስ ውሃ አሸዋና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ ወንፊቷን ይደፍናታል። በፒንሳ ቀስ ብሎ አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ ማጠብና መልሶ ማስገባት ይቻላል። ወንፊቷን አውጥቶ መጣል ግን ቆሻሻው ወደ ውስጥ ዘልቆ ቫልቩን እንዲያበላሽ ያደርጋል።

ውሃው በቀጭኑ ከወረደ ጉድለቱ የግፊት ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.2 ባር ገደማ ብቻ ነው። ብዙዎቹ አውቶማቲክ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። መፍትሔው ሮቶውን ከፍ ማድረግ፣ አነስተኛ ፓምፕ መግጠም ወይም በዝገት የጠበበውን የብረት ቧንቧ በፕላስቲክ መቀየር ነው። ግፊት ጨርሶ በማይገኝበት አካባቢ በባልዲ ሊሞላ የሚችለው ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ይመረጣል።

ውሃ አላስወጣ ሲል

ብዙውን ጊዜ በማሽኑ የፊት ለፊት ታችኛው ክፍል የሚገኘውን የፓምፕ ማጣሪያ መክፈት ያስፈልጋል። ሳንቲም፣ ቁልፍና ክር የሚጠራቀሙት እዚያ ነው። ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከስሩም ዝርግ ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል።

ቀጥሎ የማስወጫውን ጎማ ከፍታ ማየት ነው። ለአብዛኞቹ ማሽኖች ጎማው ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። ጎማው በግቢ መሬት ላይ ከተጣለ የገባው ውሃ በራሱ እየወረደ ይወጣል፤ ማሽኑም ሲሞላ ይውላል እንጂ አይሞላም። ስለዚህ ውሃ የማስገባት ችግር የሚመስለው አንዳንዴ የማስወጣት ችግር ነው።

የፍሳሽ ቧንቧውን ለመፈተሽ አንድ ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ በቂ ነው። ውሃው ወደ ላይ ከተመለሰ ቧንቧው ጠቧል ወይም በሳሙና ዝቃጭ ተደፍኗል፤ የሚያስፈልገውም የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሁሉም ተፈትሾ ችግሩ ካልተፈታ ግን ተራው የማሽን ጠጋኙ ይሆናል።