ትርፍ ቤት

በአማርኛችን «ትርፍ» የተባለው ቃል ሁለት ገጽ አለው። ለነጋዴ የድካሙ ዋጋ ነው፤ ለመዝገብ ያዥ ግን ከተወሰነው መጠን ያለፈ ነገር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ጥቂት ክፍሎች ሠርቶ በኪራያቸው የሚተዳደር ሰው ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለፈ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንመለከተው ወደድን።

በ1900 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በወጣው ደንብ፣ የከተማ ቦታ በግል መያዝና መሸጥ ተፈቀደ። ሰፊውን ቦታ የያዙት መኳንንቱና ቤተ ክህነት መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏልና እናልፈዋለን። የእኛ ጉዳይ ጡረታ የወጣው ወታደር፣ ጠላ ሸጣ ገንዘብ ያጠራቀመችው ባልቴት፣ ከደመወዙ የቆጠበው ጸሐፊ ነው።

እንዲህ ያለው አከራይ ገንዘቡን በባሕር ዛፍ፣ በጭቃና በቆርቆሮ ላይ ሲያውል ውሳኔው ቀላል አልነበረም። አንድ ሰፊ ቤት ሠርቶ ለአንድ ባለ ደመወዝ ቢያከራይ ገቢው የረጋ ይሆናል፤ ቤቱ ባዶውን የዋለ ወር ግን ገቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። ያንኑ ገንዘብ በጓሮ ለሚደረደሩ አራት ጠባብ ክፍሎች ቢያውለው፣ አንዱ ተከራይ ሲወጣ ሦስቱ ይቀሩለታል፤ ይሁን እንጂ ምርጊቱ፣ የጋራው ማድ ቤትና ሽንት ቤት፣ የተከራዮቹም ጠብ የእርሱ ጣጣ ይሆናል። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች በአንድ ግቢ ዙሪያ ፊት ለፊት ተፋጥጠው የተሠሩት ረድፈኛ ክፍሎች ከዚህ ከሁለተኛው ስሌት የተወለዱ ናቸው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ። የቀረው «ትርፍ ቤት» ተባለ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ዞረ፤ እስከ 300 ብር የነበረውም ኪራይ እንደ መጠኑ ከመቶ 15 እስከ 50 ተቀነሰ። ለድኻው ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን ሕጉ የቆጠረው ቤትን እንጂ ሰውን አልነበረምና፣ ብዙ ቤት የነበረው መስፍንና ሁለት ቤት ብቻ የነበራት ባልቴት በአንድ ስም ተጠሩ። ከኪራይ በቀር መተዳደሪያ ላልነበራቸው በወር እስከ 250 ብር ድጎማ እንዲሰጥ ተደንግጎ ነበር። ባለቤቱ የሚያስቀረውን ቤት እንዲመርጥም ተፈቅዶለታል፤ ምርጫው ግን የቀድሞውን ስሌት ገለበጠው። ማከራየት ከግለሰብ እጅ ስለ ወጣ፣ ገቢ የምታስገኘው ቤት ሳትሆን ቤተ ሰቡን የምትበቃው ቤት መመረጥ ነበረባት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቀበሌ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት በጥቂት ብር ተወስኖ ስለ ቀረ ለጣራ ማደሻ አልበቃም። ቀድሞ አከራዩ ክረምት ሳይገባ የሚወስነው የቆርቆሮ ጉዳይ ማመልከቻ ሆነ፤ እኛም የቢሮ ሰዎች ነንና የማመልከቻን ዕድሜ እናውቃለን። ዝናቡ ግን መልስ እስኪሰጥ አይጠብቅም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ አጽንቶ፣ በላዩ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው ንብረት መሆኑን አወቀ። አነስተኛው አከራይም ተመልሶ መጣ፤ አንዱ በጓሮው ሰርቪስ ቤት ጨምሮ፣ ሌላው በዕጣ የደረሰውን የጋራ መኖሪያ ቤት አከራይቶ የባንክ ዕዳውን እየከፈለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን እንዲወሰን ደነገገ። ስለዚህ አከራዩ ዛሬ ተከራይን የሚመርጠው ለወር ሳይሆን ለሁለት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲቆርጥም የሚመጣውን የሲሚንቶና የቆርቆሮ ውድነት አስቀድሞ መገመት ይኖርበታል፤ ግምቱ ቢያንስ በወሩ መጨረሻ ሊያርመው አይችልምና።