በኩላሊት ዙሪያ የሚከሰት ሊምፎማ፦ የምስል ምርመራ እና የናሙና ምርመራ አስፈላጊነት

ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ የካንሰር ዓይነት ነው። በአብዛኛው በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽትና በሆድ ውስጥ የሚገኙ ንፍፊቶችን ያጠቃል። ኩላሊትንና በዙሪያው ያለውን ስብ የሚያጠቃው ብዙውን ጊዜ ከሌላ የሰውነት ክፍል ሲዛመት ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ብቻ ተወስኖ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው።

ምልክቶቹ

የጎን ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ እና ደም የቀላቀለ ሽንት ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህ ምልክቶች በሌሎች በሽታዎችም ስለሚከሰቱ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

የምስል ምርመራዎች

• አልትራሳውንድ፦ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ ሲሆን፣ በኩላሊት ዙሪያ ዕብጠት መኖሩን ይጠቁማል።
• ሲቲ ስካን፦ ዋነኛው ምርመራ ነው። ኮንትራስት የተባለ ፈሳሽ በደም ሥር ሲሰጥ ጤናማው ኩላሊት ደምቆ ይታያል፤ ሊምፎማው ግን ወጥና ደብዘዝ ያለ ሆኖ ኩላሊቱን እንደ ልባስ ይከብበዋል። የኩላሊቱ ቅርጽ አለመለወጡና የተከበቡት የደም ሥሮች አለመዘጋታቸው ተጨማሪ ፍንጭ ነው።
• ኤምአርአይ፦ የሲቲ ስካን ኮንትራስት ለማይስማማቸው ታካሚዎች አማራጭ ሊሆን ይችላል።
• ፔት ስካን፦ በሽታው የደረሰበትን ስፋትና ለሕክምና የሰጠውን ምላሽ ለማወቅ ያገለግላል።

ምስል ብቻውን ለምን አይበቃም?

የደም መቋጠር፣ መግል እና ሌሎች ዕጢዎች ተመሳሳይ ምስል ሊያሳዩ ይችላሉ። ከኩላሊቱ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሲታከም፣ ሊምፎማ ግን በዋናነት የሚታከመው በመድኃኒት ነው። ስለዚህ ሊምፎማ ሲጠረጠር፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየተመሩ በመርፌ የሚወሰድ የናሙና ምርመራ የበሽታውን ዓይነት ያረጋግጣል፤ ታካሚውንም ኩላሊትን ከሚያስወጣ አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ሊያድነው ይችላል።

ታካሚዎች ሊያደርጉት የሚገባ

• ከሲቲ ስካን በፊት የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር ሕመም፣ አለርጂ ወይም እርግዝና ካለ ለባለሙያ ማሳወቅ፤
• ስቴሮይድ የተባሉ መድኃኒቶች ዕብጠቱን ለጊዜው አሳንሰው የናሙናውን ውጤት ሊያዛቡ ስለሚችሉ፣ የሚወስዱ ካሉ ከናሙና በፊት ለሐኪም መንገር፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝም አለማቋረጥ፤
• ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላኩ የቀድሞ ምስሎችን፣ የውጤት ወረቀቶችንና የሪፈር ደብዳቤን ይዞ መቅረብ፤
• ቀዶ ሕክምና ከመወሰኑ በፊት የናሙና ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ።