ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን

አጎቴ ስድስት ኪሎ አካባቢ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ውስጧ ሁለት ኮምፒውተር አለ። አንደኛው ዕድሜው ወደ እኔ የተጠጋ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ዊንዶውስ 10 ያለው «አዲሱ» ነው፤ አዲስ የሚሉት እሳቸው ብቻ ቢሆኑም።

በቀደም ደወሉልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ አዲሱ ኮምፒውተር ጊዜዬ አልፏል ይለኛል። ልቀይረው ወይስ ዝም ልበለው?»

የተማርኩት ጋዜጠኝነት መሆኑን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ መሰላችሁ። በእኛ ቤት ግን ዲግሪ የያዘ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ይጠግናል። «ጋሼ፣ መቀየሩን ለምን ፈሩት?» ብላቸው ተረቷን ጣል አደረጉብኝ፦ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተረቷ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። የኮምፒውተርን ታሪክ ገለጥለጥ ሳደርግ ደግሞ ይህን የአጎቴን ጥያቄ ዓለም በሙሉ ሲጠይቀው እንደኖረ አየሁ። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ወረፋ የተያዘለት ዊንዶውስ

ዛሬ «አፕዴት አድርግ» የሚል መልእክት ሲመጣ ፊታችንን እናጨማድዳለን። ኦገስት 24 ቀን 1995 ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ዊንዶውስ 95 ሲወጣ በየአገሩ ሰዎች እኩለ ሌሊት ላይ ሱቅ በር ላይ ተሰልፈው ገዝተውታል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት 7 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። መቀየር ያኔ ደስታ ነበር፤ ምክንያቱም ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ትናንት በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጽፍ የነበረ ሰው ዛሬ «ስታርት» የምትል ቁልፍ ጠቅ ያደርጋል።

ኦክቶበር 25 ቀን 2001 ኤክስፒ ተከተለ። ያ አረንጓዴ ጉብታና ሰማያዊ ሰማይ ትዝ ይላችኋል? በየኢንተርኔት ካፌው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው የነበረው እሱ ነው። ቀጣዩ ዊንዶውስ እስኪመጣ ከአምስት ዓመት በላይ ስለፈጀ፣ ብዙ ሰው ኮምፒውተር ማለት ኤክስፒ መስሎት አደገ። ሰው አንድ ነገርን ይህን ያህል ሲላመደው ማሻሻል መባሉ ይቀርና ቤት ልቀቅ እንደ መባል ይሆንበታል።

መልአክ ነው የተባለው ቪስታ

ቪስታ ለሕዝብ የወጣው ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ነው፤ በእኛ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ በምትልበት ዓመት። መልኩ ያማረ፣ ደህንነቱ የተጠናከረ ነበር። ሰው ግን ጠላው። ራም ይበላል፤ ድሮ ይሠራ የነበረ ፕሪንተር ድራይቨር ስላልተሠራለት አልታዘዝ ይላል፤ ትንሽ ነገር በነኩ ቁጥር «ፈቅደሃል ወይ?» እያለ ይጠይቃል።

የባሰው ደግሞ ተለጣፊው ነበር። ቪስታ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ኮምፒውተሮች «ቪስታ መሸከም ይችላል» የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው ተሸጡ፤ አንዳንዶቹ ግን የሚችሉት የመጨረሻ ተራውን ዓይነት ብቻ ነበር። ገዢዎች በ2007 ሲያትል ላይ ክስ መሠረቱ። በችሎቱ ሂደት ይፋ በወጡ የኩባንያው የውስጥ ኢሜይሎች ውስጥ፣ አንድ የራሱ የማይክሮሶፍት ምክትል ፕሬዚዳንት 2,100 ዶላር ከፍሎ የገዛው ላፕቶፕ ኢሜይል ከማንበብ እንደማያልፍ ሲያማርር ተገኘ። ክሱ በኋላ የጋራ ክስነቱን ቢያጣም ወሬው ግን ዓለምን አዳርሶ ነበር። በ2008 አንድ የአሜሪካ የኮምፒውተር መጽሔት «ኤክስፒን አድኑ» ብሎ ፊርማ ሲያሰባስብ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። አስቡት፣ ሰይጣኑን አትውሰዱብን ብሎ መፈረም!

በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት አንድ ብልሃት ሞከረ። ቪስታን የሚጠሉ ሰዎችን ሰብስቦ «ሞሃቬ» የሚባል አዲስ ሥርዓት ነው ብሎ አሳያቸው። ወደዱት። ከዚያ «ይሄ እኮ ራሱ ቪስታ ነው» ተባሉ። ኩባንያው ሰው የሚጠላው በወሬ ነው ለማለት ፈልጎ ነበር። ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ያሳያቸው ራሱ ባዘጋጀው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ማናቸውም ቤታቸው ያለውን አሮጌ ፕሪንተር ይዘው አልመጡም። የአጎቴ ጥያቄ ደግሞ ያለችው እዚያች ፕሪንተር ላይ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ኦክቶበር 22 ቀን 2009 የሆነው ነው። ዊንዶውስ 7 ወጣና ዓለም እሰይ አለ። ዊንዶውስ 7 ግን የተሠራው በቪስታ መሠረት ላይ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ኮምፒውተሮች ጎለመሱ፣ ድራይቨሮች ተሠሩ፣ ጉድለቶች ተስተካከሉ። መልአኩ የተወደደው ያው መልአክ ሆኖ ነው፤ ልዩነቱ እስከዚያ መታወቁ ነው።

ያ የተሰደበው ቪስታ ለእኛ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የቪስታን ስም ሳጠፋ ቆይቼ አንድ ውለታውን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።

ድሮ አማርኛ በኮምፒውተር ይጻፍ የነበረው ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ነበር። እነዚያ ሠሪዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሆኖም የያኔው አሠራር ለአንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበር የሚሰጠው። የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አከፋፈለው፣ ሌላው ቅጥያዎቹን እየቀጣጠለ ሠራው። ሁሉም በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ የየራሱን አቀማመጥ አስቀመጠ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፦ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ የአማርኛ ደብዳቤ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ክምር ነው።

መፍትሔው የመጣው በ1999 ነው። ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን የያዘ የራሱን ቦታ ሰጠው። ቦታ ማግኘት ግን አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ማንበብ መቻሉ ሌላ። ኤክስፒ ከፋብሪካ ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አልነበረውም፤ ፎንት ካልጫናችሁለት በስተቀር የአማርኛ ድረ ገጽ ላይ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል። የእኛን ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ያ የተሰደበው ቪስታ ነው። ፎንቱም «ኒያላ» ይባላል፤ በባሌ ተራሮች በምትገኘው በእኛዋ የደጋ አጋዘን ስም።

ስለዚህ «አላሻሽልም» የሚለው ውሳኔ ለአማርኛ ጸሐፊ ሌላ ዋጋ ነበረው። በኤክስፒ የቆየ ሰው ከፕሪንተሩ ጋር ተስማምቶ ኖረ፤ ጽሑፉ ግን ከጽሕፈት ቤቱ ውጪ የማይነበብ ሆኖ ቀረ። የአጎቴ ሽማግሌ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የስንት ሰው ውል፣ አቤቱታና ኑዛዜ በዚያ ቋንቋ ታስሮ ተቀምጧል።

ያ ዓርብ

ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደህንነት ማሻሻያ መስጠት አቆመ። በማግስቱ ምንም አልሆነም፤ ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ተከፈቱ። «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚሉ ሁሉ ልባቸው ሞላ።

ሜይ 12 ቀን 2017፣ ዓርብ ዕለት፣ ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ተነሣ። ፋይል እየቆለፈ ቤዛ የሚጠይቅ ነው። በጥቂት ቀናት ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ ከ236 የመንግሥት የጤና ተቋማት ቢያንስ 80ው ተነኩ፤ ወደ 7,000 የሚጠጋ የሕክምና ቀጠሮ ተሰረዘ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ማርች 14፣ ወጥቶ ነበር።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ኤክስፒ ላይ ጣለው። ሲጣራ ግን ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ማሻሻያ የሚላክላቸው ሆነው ሳለ ያልተቀበሉ። ስለዚህ የሚያስፈራው እርጅና ብቻውን አይደለም፤ በሩን ማንም የማይጠብቅለት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ እኛ ራሳችንን እንታዘብ። ስንቶቻችን ነን ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ አስጭነን «አፕዴት እንዳታደርጊ፣ ይዘጋብሻል» ተብለን የተሸኘነው? እኔም ከነዚያ አንዷ ነበርኩ። አዲሱን ዊንዶውስ ይዤ በሩን ግን ከፍቼ ነበር የምተኛው።

ሌላው ወገንም ከወቀሳ አያመልጥም። ማይክሮሶፍት በ2015 እና 2016 ዊንዶውስ 10ን በነፃ ሲሰጥ ሰዉን በመልእክት አሰልችቶ ነበር። በካሊፎርኒያ አንዲት የጉዞ ወኪል «ሳልፈቅድ ተጭኖ ኮምፒውተሬን አበላሸብኝ» ብላ ከሳ 10 ሺህ ዶላር ተፈረደላት። ሰው አፕዴት የሚባል ነገር ሲሰማ የሚበረግገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ አጎቴን ምን ልበላቸው?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋ ራም ብቻ አይበቃውም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የአጎቴ ስድስተኛ ትውልድ ነው። ጤነኛ ነው፣ ይሠራል፣ ግን በደንቡ መሠረት አያልፍም። ኩባንያው ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ለሚፈልጉ ድርጅቶች ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ ሲያቀርብ ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ተምኖበታል። 61 ዶላር ደግሞ በገጽ ለሚያስከፍል ሰው ስንት ገጽ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ቅዳሜ ዕለት ሄድኩና ከታሪኩ የተማርኩትን ሠራሁ። ሽማግሌውን ከኢንተርኔት አላቀቅኩት፤ የደንበኛ ፍላሽም እንዳይሰካበት ተስማማን። ፋይሎቹን ኮፒ አደረግንና ወደ ዩኒኮድ መቀየር ጀመርን፤ መቀየሪያው አንዳንድ ፊደል ስለሚዘል አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ከታተመው ጋር ያመሳክራሉ። በአዲሱ ላይ ደግሞ በነፃ የሚገኘውን ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሣሁት። ሳይጫን ስለሚሞከር የሚጠፋ ነገር የለም። መጀመሪያ የፈተንኩት መልኩን አልነበረም፤ ፕሪንተሩን ነበር። አማርኛ ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ወጣ። ወሩን ሙሉ እንዲህ ሊሞክሩት ተስማሙ፤ ካልጣማቸው ቆጥበው ስምንተኛ ትውልድ ያገለገለ ይገዛሉ። እስኪወስኑ ድረስ ዊንዶውስ 10 ኢንተርኔት አይነካም።

ስንጨርስ በ1998 ዓ.ም. የጻፉት አንድ አቤቱታ አዲሱ ስክሪን ላይ በጥርት ያለ አማርኛ ተከፈተ። ባለቤቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። አጎቴ እስከ መጨረሻው አነበቡትና ዝም አሉ። ቀጥለው ወደ ጥግ፣ ወደ ሽማግሌው ኮምፒውተር ዞር ብለው፣

«መልአኩን እየለመድኩት ነው» አሉኝ። «ሰይጣኑን ግን እንዳትጥዪው። እሱ የሚያውቀውን ሁሉ ገና ጽፈን አልጨረስንም።»

ቸር እንሰንብት።