አሮጌውን ፒስተን አይጣሉት፤ ስለ ባለ ሁለት ምት ሞተር እድሳት

በአገራችን የገጠር መንገዶች የግብርና ባለሙያውንና የረድኤት ድርጅት ሠራተኛውን ለዓመታት ካመላለሱ ሞተር ሳይክሎች አንዱ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ዓይነት ሲሊንደሩ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ 50 ሚሊ ሜትር ጉዞ አለው፤ ይዘቱም 123 ሲሲ ነው። እንደ ባለ አራት ምት ሞተር በካምሻፍት የሚንቀሳቀሱ ቫልቮች ስለሌሉት ቴስታታውን፣ ሲሊንደሩን፣ ፒስተኑንና ፋሻውን መፍታት ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ቅለት ነው። ፒስተን ይቀየራል፤ ምክንያቱ ግን ሳይጣራ ይቀራል። ምክንያቱ እስካለ ድረስ አዲሱም ፒስተን የአሮጌው ዕጣ ይገጥመዋል፤ ባለንብረቱም ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በሕግ ዓለም ፍርድ ከማስረጃ በኋላ ይመጣል። እዚህም ዋናው ምስክር አሮጌው ፒስተን ነው። በጭስ መውጫው በኩል የተፋፋቀ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ወይም የዘይት እጥረት ይጠረጠራል። አናቱ ከቀለጠ ወይም ከተበሳ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ወይም ጊዜውን የሳተ እሳት ይጠረጠራል። በአየር መግቢያው በኩል ደብዝዞ ካለቀ አቧራ ያሳለፈው ፊልትሮ ይመርመር።

ቤንዚን የሚያንሰው በካርቡራተሩ መዘጋት ብቻ አይደለም። በተሰነጠቀ የመግቢያ ጎማ ወይም ባረጀ የክራንክ ሻፍት ኦይል ሲል በኩል ትርፍ አየር ሲገባም ያንሳል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ አንዳንዶች የካርቡራተሩን ጂግለር በአነስተኛ ይቀይራሉ። ያው ሞተር ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን ያጥረዋል፤ በሙቀቱም ላይ ሙቀት ይጨመርበታል።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ከፋብሪካው ወሰን ካለፈ ወይም ሞላላ ከሆነ፣ በትልቁ ፒስተን ልክ በማሽን ይሰፋል። ከዚያም የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ሊለዝብ ይገባል፤ አለዚያ ፋሻው ተጠልፎ ይሰበራል። የፋሻው ጫፎች ክፍተትም በሲሊንደሩ ውስጥ ተለክቶ ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ይመሳከራል።

ሲገጠም የፒስተኑ ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይዞራል፤ የፋሻው ጫፎች በማስቆሚያዋ ፒን ላይ ይገናኛሉ። የፒስተን ፒኑ መቆለፊያ ቀለበቶችና ጋስኬቶቹ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። ሥራው እስኪያልቅ የታችኛው ክፍል አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። የቴስታታው ብሎኖች በሰያፍ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠበቁ። የዘይት ፓምፕ ያለው ሞተር ከመነሳቱ በፊት ከፓምፑ ውስጥ አየር ይውጣለት። በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው አይጠምዘዝ።

እንግዲህ ባለንብረት ሆይ፣ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አሮጌውን ፒስተን፣ በወረቀት የሰፈረ ልኬት፣ የብልሽቱን ምክንያት። ሦስተኛው መልስ ካልተገኘ ሞተሩ ገና አልታደሰም።