ከውጭ ሀገር የሚመጡ አሽከርካሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ የመንገድ ትራፊክ ሕጎችና ቅጣቶች፤ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በመሆኑም በታቦርና በሌሎቹ ክፍለ ከተሞች የሚያሽከረክሩ እንግዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ በአውሮፕላን ገብተው መኪና የሚከራዩ ወይም የዘመድ መኪና የሚነዱ የውጭ ሀገር ዜጎችና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ከኬንያ በሞያሌ በኩል የራሳቸውን ተሽከርካሪ ይዘው የሚመጡ ናቸው።

የመንዳት አቅጣጫ

በኢትዮጵያ የሚነዳው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ነው። ሀገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ የተሸጋገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ኬንያ ግን ዛሬም በግራ ትነዳለች። ስለዚህ ከሞያሌ የሚነሣ አሽከርካሪ ሐዋሳ እስኪደርስ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚጓዘው ከለመደው በተቃራኒ ጎን ነው። ስሕተት በብዛት የሚፈጠረው ድንበሩን በተሻገሩበት ሰዓት ሳይሆን ዘግይቶ፣ ከነዳጅ ማደያ ሲወጡ ወይም ባዶ መንገድ ላይ ሲታጠፉ፣ ሐሳብ ወደ ቀድሞው ልማድ በሚመለስበት ጊዜ ነው። መሪው በቀኝ በኩል የሆነ ተሽከርካሪ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲወጣ ከፊት የሚመጣውን ማየት የሚችለው ተሽከርካሪው በአብዛኛው ወደ ግራ ከወጣ በኋላ ነው። በእንዲህ ያለ ተሽከርካሪ የሚጓዝ ሰው ርቀቱን ጠብቆ መከተልና ባይቀድም ይመረጣል።

በአደባባይ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው አስቀድሞ በአደባባዩ ውስጥ ለሚዞረው፣ ማለትም ከግራ ለሚመጣው ተሽከርካሪ ነው። በፍጥነት ወሰን ምልክቶች ላይ የተጻፈው ቁጥር ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ማይል ከለመደ ሀገር የመጣ ሰው 60 የሚለውን ምልክት 37 ማይል ያህል አድርጎ ይቁጠረው።

መንጃ ፈቃድ

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን የሚመለከተው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በተሽከርካሪ ዓይነት ተለይቶ ሲሆን፣ ሞተር ሳይክል፣ ባለሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ ማመላለሻና ጭነት የየራሳቸው ምድብ አላቸው። አውቶሞቢል የሚያስነዳ ፈቃድ የያዘ ሁሉ የዘመዱን ሚኒባስ መንዳት ይችላል ማለት አይደለም።

በሀገር ውስጥ ኑሮውን የሚመሠርት ሰው የውጭ ሀገር ፈቃዱን በኢትዮጵያ ፈቃድ ማስለወጥ ይኖርበታል። ለዚህም የቀድሞው ፈቃድ ትክክለኛነት መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው የሚጀምረው ፈቃዱን ከሰጠው ሀገር በመሆኑ ጉዳዩን ከመነሣት በፊት፣ እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ማስጨረስ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ሐዋሳ ከደረሱ በኋላ ሰነዱን ወደ ኋላ መላክ ወራት ሊወስድ ይችላል።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም። ከኬንያ የሚገቡ ተሽከርካሪዎች የኮሜሳ ቢጫ ካርድ በመባል የሚታወቀውን የመድን ሰነድ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። የዘመድ መኪና የሚዋስ ሰው ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት የመድኑን ዘመን ይመልከት፤ ቀኑ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ቅጣት

የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ጥፋቶችን በደረጃ ከፍሎ፣ ከገንዘብ ቅጣቱ ጎን ለጎን በአሽከርካሪው ስም የጥፋት ነጥብ እንዲመዘገብ አድርጓል። ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃዱ ይታገዳል። የደህንነት ቀበቶ አለማሰር፣ እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መነጋገር፣ ጠጥቶ መንዳትና ለእግረኛ ቅድሚያ መከልከል ሁሉም ያስቀጣሉ። የገንዘቡ መጠን ተሻሽሏልና ከወዳጅ የተገኘ የቆየ ዝርዝር አያገለግልም።

ቅጣት ለትራፊክ ፖሊሱ በእጅ አይከፈልም። ፖሊሱ የክስ ወረቀት ይሰጣል፤ ክፍያው በተመደበው ቦታ ተፈጽሞ ደረሰኝ ይወሰዳል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቀንም ሆነ ሰዓት እንግዳውን ሊያሳስት ይችላል። ዓመቱ ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል፤ በነሐሴና በመስከረም መካከል አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን አለች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚለው ደግሞ በሌላው አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት ነው። የመክፈያው ቀን ያለፈበት እንግዳ «ቀኑን አላወቅሁም» ቢል ተቀባይነት አያገኝም፤ ወረቀቱን እንደተቀበሉ የመጨረሻውን ቀን ፖሊሱን መጠየቅ ይቻላል።

አደጋ ሲደርስ

ባጃጅ፣ ብስክሌትና እግረኛ በሚበዛባቸው የከተማዋ መንገዶች ጥቃቅን ግጭት እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው ከተጎዳ አሽከርካሪው ቆሞ ተጎጂውን መርዳትና ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት፤ ጥሎ መሄድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት በመድን አዋጁ ተጠብቆለታል። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ እንጂ በትራፊክ ቅጣት የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይገኛል።