የፊልም ፎቶግራፍ፡- ከካሜራ ምርጫ እስከ ባለመብትነት

ዲጂታል ካሜራና ሞባይል ስልክ ገበያውን ከያዙት ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ ይሁንና ፊልምን ያልተዉ፣ ትተውትም ተመልሰው የያዙት ባለሙያዎችና አማተሮች ጥቂት አይደሉም፡፡ ፊልም ወጪ አለው፤ በአንድ የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል የሚነሳው 36 ፎቶ ብቻ ነው፤ የተበላሸውም አይመለስም፡፡ ከዚህ የባሰው ግን በጥንቃቄ የተሠራ ፎቶግራፍ ስምና አድራሻ ባለመያዙ ብቻ የሕግ ጥበቃ ሊያጣ መቻሉ ነው፡፡

ካሜራና ፊልም

ያገለገለ ካሜራ ሲገዙ ከመልኩ ይልቅ አሠራሩን ይመርምሩ፡፡ እንደ ፔንታክስ ኬ1000 እና ኒኮን ኤፍኤም2 ያሉ ሜካኒካል ካሜራዎች ባትሪ የሚያስፈልጋቸው ለብርሃን መለኪያቸው ብቻ በመሆኑ፣ ባትሪው ቢያልቅም ሥራ አያቆሙም፡፡ የጀርባ ክዳኑን ከፍተው ሸተሩን በሁሉም ፍጥነት ይሞክሩት፤ በተለይ 1 ሴኮንድ ላይ ይንቀረፈፍ ወይም ይያዝ እንደሆነ ያዳምጡ፡፡ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነውና ይተዉት፡፡ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ከረገበና ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል፤ ይህ ግን በቀላሉ ይቀየራል፡፡

ፊልም ሙቀት አይወድም፡፡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከማሸጊያው ከማውጣትዎ በፊትም ቅዝቃዜው እስኪለቀው ይጠብቁ፡፡ በአውሮፕላን ሲጓዙ ያልታጠበ ፊልም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ፤ ሻንጣው የሚያልፍበት ራጅ ፊልሙን ሊጎዳው ይችላል፡፡ በእጅዎ ይያዙት፤ አዳዲሶቹ የሲቲ ስካነሮችም ስለሚያበላሹት በእጅ እንዲፈተሽልዎ ይጠይቁ፡፡

ነጭ ልብስና ብርሃን

የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥራል፡፡ ነጭ የሐበሻ ልብስ የለበሰች ሙሽራ ምስሉን ስትሞላው መለኪያው ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፤ ውጤቱም ነጠላው ግራጫ፣ ፊቷ ደግሞ የጠቆረ ፎቶ ነው፡፡ ስለዚህ ቀረብ ብለው ከፊቷ ላይ ይለኩ፤ ካልሆነም መለኪያው ከሰጠዎት ላይ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ይጨምሩ፡፡ ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲያንሰው እንጂ ሲበዛበት በቀላሉ አይበላሽም፡፡

ማጠብና ማተም

ሲ-41 የሚባለው የከለር ፊልም ማጠቢያ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀትና ትኩስ ኬሚካል ይፈልጋል፡፡ ፊልም የሚያመጣ ደንበኛ ባነሰበት ቤት ኬሚካሉ ሳይቀየር ሊቆይ ስለሚችል፣ መጀመሪያ የማይሳሱለትን ጥቅል ሰጥተው ይሞክሩ፡፡ ጥቁርና ነጭ ግን በቤት ይታጠባል፡፡ ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ፣ ባልቀጠነ አይዲ-11 በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 7 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አስቀድመው ይቅዱ፤ ከፊልሙ ወይም ከወረቀቱ በሚገባ ያልወጣ ፊክሰር ከዓመታት በኋላ ምስሉን ያበላሻል፡፡

ሲያሳትሙ መጠኑን ያስቡ፡፡ የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ10 በ15 እና በ20 በ30 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሳይቆረጥ ይታተማል፤ በ13 በ18 እና በ20 በ25 ግን ጫፉ ይቀራል፡፡ የቡድን ፎቶ ላይ ዳር የቆመ ሰው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ኔጋቲቭዎን ሁልጊዜ ተቀብለው ይመለሱ፤ ቀንና ቦታ ጽፈውም በመያዣው ያስቀምጡ፡፡

የማን ነው?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ሥራው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፡፡ ጥበቃውን ለማግኘት ግን ፎቶግራፉ የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት፡፡ ስም የሌለው ፎቶዎ በሌላ ሰው ካሌንደር ላይ ቢወጣ ክርክሩ የሚከብደው ለዚህ ነው፡፡

በቅጥር ወይም በትዕዛዝ ላነሱት ፎቶ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው፡፡ ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ኔጋቲቩ ማን ዘንድ እንደሚቀር፣ ፎቶውም ለምን ለምን እንደሚውል በጽሑፍ ይዋዋሉ፡፡

የተነሺውም መብት አለ፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፡፡ ታዋቂ ሰዎች፣ የመንግሥት ኃላፊዎችና በአደባባይ የተከናወኑ ጉዳዮች በአንቀጽ 28 ከተፈቀዱት መካከል ናቸው፡፡ የደንበኛን ፎቶ በፎቶ ቤት መስኮት ላይ መስቀል ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያልፈቀደው ደንበኛ እንዲወርድለት የመጠየቅ መብት አለው፡፡

ስምና አድራሻዎ የተቀረጸበት ትንሽ ማኅተም ያሠሩና ከያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ይምቱ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ግን ፎቶዎቹን አይደራርቡ፡፡